ላንታነም ኮባልት ኦክሳይድ ስሠራ በ36.8 ዲግሪ ላይ የምትወጣው ትርፍ ፒክ ከየት መጣች?

የቂሊንጦዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ከአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከቂሊንጦ አካባቢ የምጽፍ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ ከጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ የሚወጣን ፍሳሽ በፔሮቭስካይት (አንድ የታወቀ የክሪስታል አሠራር) ኦክሳይድ ካታሊስት፣ ማለትም የኬሚካል ለውጥን በሚያፋጥን ዱቄት፣ ከቀለም ማጽዳት ሲሆን፣ የመረጥኩት ውህድ አንድ ላንታነም፣ አንድ ኮባልትና ሦስት ኦክስጅን ያለው ላንታነም ኮባልት ኦክሳይድ ነው። ሁለት ጊዜ ሠርቼ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት እንከን ስላየሁበት፣ ሦስተኛውን ከመጀመሬ በፊት ልምድ ያላችሁን ልጠይቅ ወደድኩ።

የተከተልኩት የሲትሬት ዘዴን ነው። 5 ግራም ምርት ለማግኘት ስድስት ውሃ ያለውን ላንታነም ናይትሬት 8.81 ግራም፣ ስድስት ውሃ ያለውን ኮባልት ናይትሬት ደግሞ 5.92 ግራም መዝኜ በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ አሟሟሁ፤ በላዩም በሞል ሲቆጠር የሁለቱን ሜታሎች ድምር 1.5 እጥፍ የሚሆን አንድ ውሃ ያለው ሲትሪክ አሲድ፣ ማለትም 12.82 ግራም ጨመርኩ። በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ እየተማሰለ ሲተን፣ ቀይ የነበረው ፈሳሽ ቀስ በቀስ እየወፈረ ሄዶ ማግኔቷ መዞር እስኪያቅታት ድረስ እንደ ማር ረጋ። በ110 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ሲያድር ደግሞ አብጦ፣ ቀዳዳ የበዛበት ወይን ጠጅ ስፖንጅ ሆኖ ከቢከሩ አፍ በላይ ወጥቶ አገኘሁት። ፈጭቼ በ400 ዲግሪ ለ2 ሰዓት፣ ቀጥሎም በ700 ዲግሪ ለ5 ሰዓት አቃጠልኩት። የወጣው ጥቁርና ልስልስ ዱቄት ነው።

በመዳብ ጨረር የተነሣው ኤክስሬይ ዲፍራክሽን (ጨረሩ ከክሪስታሉ የሚበተንበትን አንግል ለክቶ ውህዱን የሚለይ ምርመራ)፣ በሁለት ቴታ፣ ማለትም በዚያው አንግል ሲነበብ፣ በ23.2፣ ጫፋቸው ለሁለት ተከፍሎ በ32.9 እና በ33.3፣ እንዲሁም በ40.6 እና በ47.5 ዲግሪ ላይ ፒኮች (ሹል ጉብታዎች) ያሳያል፤ ይህም የምፈልገው ሮምቦሄድራል ፔሮቭስካይት መሆኑን ይነግረኛል። ነገር ግን በ36.8 ዲግሪ ላይ አንዲት ትንሽ ፒክ አለች። ከማመሳከሪያው ጋር ሳስተያያት ሦስት ኮባልትና አራት ኦክስጅን ያለው ስፒኔል (ሌላ የክሪስታል አሠራር ያለው የኮባልት ኦክሳይድ) ሆና አገኘኋት። ከላንታነም ወገን፣ ኦክሳይዱም ሆነ ሃይድሮክሳይዱ ወይም ካርቦኔቱ፣ የሚታየኝ ነገር የለም።

የሰማኋቸው አስተያየቶች ሦስት ናቸው። አንዱ በመጀመሪያው ዙር ምድጃው 520 ዲግሪ ላይ ሳለ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ከዚያ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ሙቀቱን ወደ 900 ከፍ አድርጊው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ዱቄቱን በቀጭን ናይትሪክ አሲድ እጠቢው ይላል። በየትኛው ልሂድ? የክሪስታሉ መጠን በሼረር ቀመር (ከፒኩ ስፋት በሚሰላው) 14 ናኖሜትር፣ የገጽ ስፋቱ በቢኢቲ (ዱቄቱ ገጽ ላይ በሚያርፍ ናይትሮጅን በሚለካው) በግራም 9 ካሬ ሜትር ሆኗል፤ እነዚህ ሁለቱም እርስ በርሳቸው አልተስማሙልኝም።

አሮጌው ሚዛን፦

እህቴ፣ የመዘኑትን እስከ ሁለት አሃዝ ድረስ ስለጻፉልን አመሰግናለሁ፤ ሰው ዝርዝሩን ሲሰጥ መርዳት ይቀላል። በእኔ እምነት ጥፋቱ ያለው ምድጃው ውስጥ ሳይሆን ከሚዛኑ አጠገብ በቆመው ጠርሙስ ውስጥ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከዚያው እንጀምር።

ትርፍ ኮባልት ኦክሳይድ በሁለት መንገድ ሊመጣ ይችላል። አንደኛው ላንታነሙና ኮባልቱ በሚገባ ሳይደባለቁ ወይም ሙቀቱ ሳይበቃቸው ቀርቶ ሳይገናኙ ሲቀሩ ነው። እንዲህ ከሆነ ግን ብቻውን የቀረ ኮባልት ባለበት ዱቄት ውስጥ ብቻውን የቀረ ላንታነምም መኖር ግድ ነው፤ ላንታነም ደግሞ ከባድ አቶም በመሆኑ ኤክስሬይን ከኮባልት አብልጦ ስለሚበትን፣ ከሁለቱ ቀድሞ ራሱን የሚያጋልጠው እሱ በሆነ ነበር። እርስዎ ግን የላንታነም ወገን ፈጽሞ አልታየኝም ብለዋል። ስለዚህ የሚቀረው ሁለተኛው መንገድ ነው፤ ላንታነሙ ከመጀመሪያውም አንሶ ገብቷል።

አንሶ የሚገባበት ምክንያት ቀላል ነው። ላንታነም ናይትሬት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ክረምት ግም ሲል የተከፈተ ጠርሙስ መስከረም ሲጠባ ፍሬው እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ማንኪያ ሲነካው እንደ እርጥብ ስኳር ሲሆን ስንት ጊዜ አይቻለሁ። በመለያ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የሞል ክብደት 433.01 ግራም የሚሠራው ጨው በትክክል ስድስት ውሃ ሲይዝ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ሲጠጣ፣ እርስዎ 8.81 ግራም ብለው የመዘኑት ግማሹ የሰማይ ውሃ ነው ባልልም፣ ከውስጡ በላንታነም ፋንታ የገባ ውሃ አለ። ኮባልቱ ግን ሙሉ ድርሻውን ይዞ ስለገባ፣ አቻ ያጣው ወደ ስፒኔል ይሄዳል።

ማረጋገጫው ብዙ ወጪ የለውም። ሦስት ንጹሕ ክሩሲብሎች (ከፍተኛ ሙቀት የሚችሉ ትንንሽ ዕቃዎች) ክብደታቸው እስኪረጋ ድረስ በ900 ዲግሪ ያቃጥሉና በዴሲኬተር (እርጥበት በማያስገባ ዝግ ዕቃ) ውስጥ ቀዝቅዘው ይመዝኗቸው። በእያንዳንዱ ውስጥ 1 ግራም ያህል ላንታነም ናይትሬት እስከ አራተኛው አሃዝ ድረስ መዝነው ያስገቡ። ሙቀቱን እስከ 150 ዲግሪ እጅግ በዝግታ ያሳድጉ፤ ጨው መጀመሪያ በራሱ ውሃ ቀልጦ ስለሚፈላ፣ ከተቸኮለ እየረጨ ክዳኑ ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ቡናማ ጢስ መርዛማ ስለሆነ ምድጃው ጢስ ማውጫ ሥር ይሁን። በመጨረሻ በ900 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ይቆይ። ጨው ጤነኛ ከሆነ ከ1 ግራም 0.376 ግራም ላንታነም ኦክሳይድ ያገኛሉ። ኦክሳይዱም ቢሆን እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል፤ ስለዚህ ከዴሲኬተር ሲወጣ ወሬ ሳይያዝ ወዲያው መመዘን አለበት።

ኮባልት ናይትሬቱንም በዚሁ መልክ ይፈትሹት፤ እሱን ግን በ700 ዲግሪ ብቻ። ስፒኔሉ ወደ 900 ዲግሪ ሲጠጋ ኦክስጅን እየለቀቀ ወደ ኮባልት ሞኖክሳይድ ይለወጣልና ክብደቱ ያሳስትዎታል፤ እኛ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለምንኖር አየራችን ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ ለውጡም በመጻሕፍት ከሚጠቀሰው ሙቀት ትንሽ ቀደም ብሎ ሊጀምር ይችላል። ከ1 ግራም 0.276 ግራም መውጣት ይኖርበታል።

ስለ ሦስቱ ምክሮች፦ መብራት መጥፋቱ የመጠን ጉድለት አያመጣም፤ ዱቄቱን እንደገና ፈጭቶ ከመጀመሪያው ማቃጠል ይበቃል። 900 ዲግሪ ማድረስም ለኮባልቱ ላንታነም አይወልድለትም፤ የሚያተርፈው ነገር ቢኖር የገጽ ስፋቱን ማጥፋት ነው። አሲዱን ግን አደራ፣ አይሞክሩት። ቀጭን አሲድ ከፔሮቭስካይቱ ላይ ቀድሞ የሚያሟሟው ላንታነሙን እንጂ ስፒኔሉን ስላልሆነ፣ ለመንቀል ያሰቡትን አረም ትተው ስንዴውን ይነቅላሉ።

ኤክስሬይ ክፍል፦

የአሮጌው ሚዛን ትንታኔ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው በመለኪያው በኩል ስላለው ነገር ነው።

በመጀመሪያ ልብ ሊሉት የሚገባው፣ ኮባልት በመዳብ ጨረር ሲመታ ራሱ ኤክስሬይ የሚያመነጭ መሆኑ ነው። ይህ ፍሎረሰንስ የሥዕሉን ወለል ከፍ ስለሚያደርገው ትንንሽ ፒኮች በወለሉ ጩኸት ውስጥ ይሰጥማሉ። እንግዲህ የ36.8ቷ ፒክ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከታየችዎት፣ የስፒኔሉ መጠን ዓይን ከሚገምተው ሊበልጥ ይችላል ማለት ነው፤ ነገ ደግሞ ጠፋች ሲሉ በእውነት ጠፍታ ይሁን ወይም ተሸፍና መጠየቅ ይኖርብዎታል። መሣሪያው ላይ ሞኖክሮሜተር (አንድ ዓይነት ጨረር ብቻ የሚያሳልፍ) ወይም ኃይል የሚለይ ዲቴክተር ካለ ያሠሩት፤ ከሌለ ከ35 እስከ 39 ዲግሪ ያለውን ክፍል ብቻ ለይተው፣ በየነጥቡ የመቁጠሪያውን ጊዜ አሥር እጥፍ አድርገው ያንሡት። አንድ ሌሊት ሙሉ ቢፈጅም ያዋጣል።

ሁለተኛው የ14 ናኖሜትሩ ጉዳይ ነው። ፕሮግራሙ የ32.9ና የ33.3ን ጥንድ እንደ አንድ ሰፊ ፒክ ቆጥሮ ሳይሆን አልቀረም። በሼረር ቀመር ፒክ ሲሰፋ ክሪስታሉ ያንሳል፤ እዚህ ላይ ግን ስፋቱ የመጣው ከክሪስታሉ ትንሽነት ሳይሆን ሁለት ፒኮች ጎን ለጎን በመቆማቸው ነው። ዋናው ፒክ ጉልህ ስለሆነ ሁሉም ወደ እሱ ይሮጣል፤ ለዚህ ውህድ ግን የ23.2 ወይም የ47.5 ዲግሪው ይሻላል። ስፋቱን ከመጠቀምዎ በፊት ደግሞ መሣሪያው በራሱ የሚጨምረውን ስፋት በላንታነም ሄክሳቦራይድ ወይም በሲሊከን ዱቄት ለክተው ይቀንሱ።

ቢኢቲውም ቢሆን የሚነግርዎ ሌላ ነገር ነው። የውህዱ ጥግግት በኩቢክ ሴንቲ ሜትር 7.29 ግራም ያህል ስለሆነ፣ ቅንጣቶቹ ድቡልቡል ናቸው ብለን 6ን ለጥግግቱና ለገጽ ስፋቱ ብዜት ብናካፍል፣ 9 ካሬ ሜትር ወደ 91 ናኖሜትር ይደርሳል። ናይትሮጅን የሚነካው የቅንጣቱን ውጫዊ ገጽ ነው፤ ኤክስሬይ የሚያየው ግን በቅንጣቱ ውስጥ ያሉትን ክሪስታሎች አንድ በአንድ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች ላይስማሙ ይችላሉ፤ ልዩነታቸው ክሪስታሎቹ በ700 ዲግሪ ምን ያህል እርስ በርስ እንደተጋገሩ ያሳያል። የገጽ ስፋቱ ትንሽ ስለሆነ በመለኪያ ቱቦው ውስጥ ቢያንስ 1 ግራም ይጨምሩ፤ 0.1 ግራም አስገብቶ 9 ካሬ ሜትር ማለት ብዙ አያስተማምንም።

ሃይድሮጅን የሚያገኙበት ላብራቶሪ ካለ በሙቀት የሚመራ ሪዳክሽን (ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ሃይድሮጅን ከኦክሳይዱ ኦክስጅን የሚነጥቅበትን) ማስለካት ጥሩ ምስክር ነው። ንጹሕ ላንታነም ኮባልት ኦክሳይድ በሁለት እርከን ይቀነሳል፤ በመጀመሪያው ሦስት ቻርጅ ያለው ኮባልት ወደ ሁለት፣ ከፍ ባለ ሙቀት በሚመጣው ሁለተኛው ደግሞ ከሁለት ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ የሁለቱ ስፋት በግምት 1 ለ2 ነው። ለ50 ሚሊ ግራም በድምሩ 0.305 ሚሊ ሞል ሃይድሮጅን ይፈጃል። ስፒኔሉ ግን ሙሉ በሙሉ ተቀንሶ የሚያልቀው በዝቅተኛው ሙቀት በኩል ስለሆነ፣ የመጀመሪያው እርከን ከድርሻው በላይ ካበጠ ያው ትርፍ ኮባልት ነው።

የቂሊንጦዋ፦

ጋሼ ሚዛን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎም ኤክስሬይ ክፍል፣ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሦስቱን ክሩሲብሎች አስገብቼ ከ1 ግራም ላንታነም ናይትሬት 0.340፣ 0.342 እና 0.341 ግራም አገኘሁ። 0.376 መሆን ነበረበት። ኮባልት ናይትሬቱ 0.274 ስለሰጠኝ እሱ ደኅና ነው ማለት ይቻላል። ጠርሙሱን ሳስታውሰው ዱቄቱ ታች ተጋግሮ ስለነበር በስፓቹላ እየፋቅሁ ነበር የማወጣው፤ ያኔ ደረቅ ሆኖ ስላየሁት እርጥበት አለው ብዬ አልጠረጠርኩም።

ሂሳቡን ሳሰላው የላንታነሙ ጉድለት 9.4 በመቶ ያህል ሆነ። ትርፉ ኮባልት ሁሉ ወደ ስፒኔል ከሄደ በክብደት የምርቱ 3.3 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ያቺ ትንሽ ፒክም ከዚህ መጠን ጋር የምትሄድ ይመስለኛል። በሦስተኛው ዙር ላንታነም ናይትሬቱን 9.72 ግራም፣ ኮባልት ናይትሬቱን 5.96 ግራም አድርጌ፣ ሌላውን ሁሉ እንደነበረ አቆየሁት። የ35 እስከ 39 ዲግሪውን ክፍል ሌሊቱን ሙሉ አስነሣሁት፤ በ36.8 ላይ ወለሉ ሜዳ ነው። በ47.5ቱ ፒክ የተሰላው ክሪስታልም 30 ናኖሜትር ሆነ።

አሮጌው ሚዛን፦

ደስ ብሎኛል። ያን ጠርሙስ በፓራፊልም አሽገው ዴሲኬተር ውስጥ ያኑሩት፤ በላዩም የፈተሹበትን ቀንና 0.341 የሚለውን ቁጥር ይጻፉበት። ከእርስዎ ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ በመለያ ወረቀቱ ብቻ አምኖ እንዳይመዝን። ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ደግሞ እንደገና መፈተሽ አለበት።

ከወንዙ ዳር፦

ዘግይቼ ስለገባሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ስለ አጠቃቀሙ አንድ ጥያቄ ላንሣ። እኔ የምኖረው አቃቂ ቃሊቲ ስለሆነ የፍሳሹን ነገር በየቀኑ አየዋለሁ። ካታሊስቱን ውሃ ውስጥ የምትጠቀሙበት በፐርኦክሲሞኖሰልፌት (ቀለሙን በሚሰባብር ኦክሲዳንት) ከሆነ፣ ቀለሙን የሚያጠፋው ዱቄቱ ነው ወይስ ከዱቄቱ ሟምቶ የወጣ ኮባልት?

ይህን የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ላንታነም ኮባልት ኦክሳይድ ትኩረት የሳበው እ.ኤ.አ. በ1970 ለኦክስጅን ኤሌክትሮድ፣ በ1971 ደግሞ ለመኪና ጭስ ማጣሪያ ይሆናል ተብሎ ሲቀርብ ነው። በጋዝ ውስጥ ሲሠራ ኮባልቱ የትም አይሄድም። ፐርኦክሲሞኖሰልፌት ግን ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃውን አሲዳማ ያደርገዋል፤ አሲዱም ከኦክሳይዱ ላይ ላንታነምና ኮባልት ይሸረሽራል። የሟሟ ኮባልት ደግሞ ይህን ኦክሲዳንት በማንቃት ከሚታወቁት አዮኖች ሁሉ ቀዳሚ ነው፤ በሊትር ጥቂት ማይክሮ ግራም እንኳ ሥራ ይሠራል። እንግዲህ ቀለሙ በ10 ደቂቃ ጠፋ ብሎ ካታሊስቱን ማመስገን ይቻላል፤ ግን የተመሰገነው ሌላ ሊሆን ይችላል።

የሚፈተነውም እንዲህ ነው። ሙከራው እየሄደ ቀለሙ ግማሽ ሲደርስ ግማሹን ፈሳሽ በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ወደ ሌላ ብልቃጥ አሳልፉት፤ በሁለቱም ብልቃጦች የቀለሙን መቀነስ ተከታተሉ። በተጣራው ውስጥ ሥራው ከቆመ የዱቄቱ ገጽ ነው የሠራው፤ ከቀጠለ ግን የሟሟው ነው። ዱቄት ጨርሶ በሌለበት፣ ኦክሲዳንቱና ቀለሙ ብቻ ያሉበት ሦስተኛ ብልቃጥም አይረሳ።

ለእኔ ይህ ከላብራቶሪ ያለፈ ጉዳይ ነው። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ነው የሚሄዱት፤ ከመድረሳቸው በፊት ግን በዳርቻቸው ያለው ጎመንና ሰላጣ በዚሁ ውሃ ይለማል፤ እኛም ገዝተን እንበላዋለን። ቀለሙን አጥፍቶ ኮባልት የሚተካ ካታሊስት ለዚህ ወንዝ አይበጀውም። ብትችሉ ላንታነም ፌራይትን፣ ማለትም በኮባልቱ ቦታ ብረት ያለበትን ውህድ፣ ያውም ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሞክሩት። ፍጥነቱ ከኮባልቱ እንደሚያንስ አውቃለሁ፤ ብረት ቢሟሟ ግን የሚያስከትለው ጉዳት እጅግ ያነሰ ነው፤ በዚያ ላይ የሚታይ ብርሃን ስለሚመጥ ፀሐያችንን መጠቀም ይቻላል።

የቂሊንጦዋ፦

ጥያቄዎ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ ትናንት በሦስት ብልቃጥ ሞከርኩት። ቀለሙ ሪአክቲቭ ብላክ 5 ሲሆን በ597 ናኖሜትር ተከታተልኩት። ኦክሲዳንት ብቻ ባለበት ብልቃጥ ለውጡ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ዱቄቱ ያለበት በ12 ደቂቃ ሊነጣ ተቃረበ። ተጣርቶ የተለየው ግን አልቆመም፤ ከዱቄቱ ብልቃጥ በጥቂቱ ዝግ እያለ ሰማያዊነቱን አጥቶ፣ በ20 ደቂቃ ከመስኮቱ ብርሃን ላይ ሳነሣው ውሃ መስሎ ታየኝ። ማጣሪያውን ቀይሬ ደገምኩት፤ ያው ነው። የውሃውን አሲድነት በበፈር (አሲድነትን በሚያረጋ ድብልቅ) ወደ ፒኤች 7 ባመጣሁት ጊዜ የተጣራው ሥራ ቀነሰ፤ ነገር ግን አልጠፋም።

አማካሪዬ ዘንድ ሦስቱንም ሥዕሎች ይዤ ሄጄ ተነጋገርን። የኮባልቱ ክፍል እንደ ማነጻጸሪያ በምዕራፉ ውስጥ ይቆያል፤ ዋናው ሥራ ግን ወደ ላንታነም ፌራይት ይዞራል። አንድ የሚያሳስበኝ፣ ዘጠኝ ውሃ ያለው የብረት ናይትሬትም እርጥበት ወዳጅ መሆኑ ነው።

ኤክስሬይ ክፍል፦

እርጥበት ይወዳል፤ በዚያው መንገድ ይፈትሹት፤ ከ1 ግራም 0.198 ግራም የብረት ኦክሳይድ መውጣት አለበት። ፌራይቱ ኦርቶሮምቢክ ነው፤ ዋናው ፒክ ወደ 32.2 ዲግሪ ይመጣል። ብረቱ ከበዛ ሄማታይት (የብረት ኦክሳይድ) በ33.2ና በ35.6 ይታያል፤ የ33.2ቷ ለዋናው ፒክ ስለምትቀርብ የ35.6ቷን ይጠብቁ። ላንታነሙ ከበዛ ደግሞ ዱቄቱ አየር ላይ ሲቆይ ወደ ሃይድሮክሳይድ ስለሚለወጥ በ15.7 እና በ28 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጉት። ብረትም እንደ ኮባልት በመዳብ ጨረር ፍሎረሰንስ ይሰጣልና የሌሊቱ ንባብ እንዳይቀር።

የቂሊንጦዋ፦

እሺ። የብረት ናይትሬቱ ጠርሙስ ዛሬ ጠዋት ተከፈተ፤ ሦስቱ ክሩሲብሎች አሁን ምድጃ ውስጥ ናቸው፤ 130 ዲግሪ ላይ ደርሰዋል።